ማብዛት፣ ማስፋትና ማግነን

በመምህርነት በቆየሁባቸው ዘመናት ሁሉ በተማሪዎቼ ደብተር ውስጥ አንድ ዓይነት ገጽ ሳገኝ ኖሬአለሁ። ገጹ በመካከሉ በመስመር ተከፍሎ በግራው በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኙ በኩል የአማርኛ ፍቺ ይጻፍበታል። ኢንክሪስ፤ ጨመረ። ኦግመንት፤ ጨመረ። ኢንላርጅ፤ ጨመረ። ኤክስፓንድ፤ ጨመረ። ኢንሃንስ፤ ጨመረ። ማግኒፋይ፤ ጨመረ። ተማሪው ይህን ገጽ በቃሉ አጥንቶ በጨረሰ ጊዜ ስድስት ቃላት ያወቀ ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ያወቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ጨመረ የሚለው ነው፤ ይህንንም ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ከእናቱ አፍ ሰምቶት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት አንድን ነገር ከነበረበት ታላቅ ማድረግን የሚናገሩት የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት ሊመረጡ እንደሚገባ፣ ለዚህም እንዲረዱን የተሰጡን መጻሕፍትና ደንቦች ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ነው። ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ በግብረ ገብ መጽሐፍ ውስጥ ባላገባሁት ነበር። ነገር ግን ቃልን ከቦታው ውጭ የሚያኖር ሰው፣ ባያስበውም እንኳ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ይናገራል፤ ያልሆነውንም ሆነ ማለት ዕዳ አለበት። ዕዳውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተናጋሪው ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለምና ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ1986 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርሁ። ትምህርት ቤቱ አራት ክፍሎች ነበሩት፤ ልጆቹ ግን ከክፍሎቹ በላይ ስለ ነበሩ ከፊሎቹ በዋርካ ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ዝናብ በመጣ ቀን ትምህርቱ ይቋረጣል። ወላጆች ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ ለአንድ የውጭ አገር በጎ አድራጊ ማኅበር ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ በአካባቢው በእንግሊዝኛ መጻፍ የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁና። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ «መምህር፣ ሁለት ክፍል ይጨመርልን ብለው ይጻፉልን» አሉኝ። ቃላቸው አጭርና ግልጽ ነበረ። ለመተርጐምም የማያስቸግር ነበረ።

እኔ ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁና እንግሊዝኛ በማወቄ የምኮራ ሰው ስለ ነበርሁ፣ ይህን የመሰለ ተራ ቃል ለፈረንጆች መጻፍ አሳፈረኝ። በጠረጴዛዬ ላይ የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ ነበረኝ። እርሱን ገልጬ መጨመርን ከሚያመለክቱት ቃላት መካከል አንዱን መረጥሁ፤ ኢንሃንስ የሚለውን። ሲነበብ ለስላሳ፣ ሲታይም የተከበረ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤታችንን ኢንሃንስ ታደርጉልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን ብዬ ጻፍሁ። ለወላጆቹ ባነበብሁላቸው ጊዜ ትርጉሙን ባያውቁትም አጨበጨቡልኝ።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ልጆቹ እየሮጡ ከበቡት። ከመኪናው የወረደው ግን እንጨትና ቆርቆሮ አልነበረም። የግድግዳ ቀለም፣ የመስኮት መስተዋት፣ የአበባ ችግኝና የትምህርት ቤቱ ስም በሁለት ቋንቋ የተጻፈበት ሰሌዳ ነበረ። ለጋሶቹ አልበደሉንም፤ የለመንናቸውን ሰጡን። ኢንሃንስ ማለት ያለውን ነገር ይበልጥ ያማረና ዋጋው ከፍ ያለ ማድረግ ነው እንጂ ቁጥሩን ማብዛት ወይም ወርዱን ማስፋት አይደለም። ሽማግሌው ቀለሙን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «እኛ ክፍል ብለን ነበር፤ ቀለም ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የቀለም ሰው ነኝና ቀለም አመጣሁላቸው። በሚቀጥለው መስከረም ለመመዝገብ ከመጡት ልጆች 43ቱን፣ ቦታ የለም ብዬ አዲስ ቀለም በተቀባ በር ላይ ቆሜ መለስኋቸው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ቃሉን ያገኘሁበት መጽሐፍ ቴሶረስ ይባላል፤ የስሙ ትርጉም ግምጃ ቤት ማለት ነው። የደረሰው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ በመጀመሪያ የታተመው በ1852 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሮዤ ለራሱ መገልገያ የሚሆን የቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት የጀመረው በ1805 ዓ.ም. ነበረ። የለንደኑ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ሥራውን ትቶ ዝርዝሩን አስፋፋና መጽሐፉ ሲወጣ ዕድሜው 73 ዓመት ነበረ። ይህን የምነግራችሁ የሰውየው ትጋት ሊከበር ስለሚገባው ነው። ዕውቀቱን በጡረታው ዘመን ለሌላው ያካፈለ ሰው ለእኛ ለሽማግሌዎችም አብነት ነው።

የመጽሐፉ ብልኀት ይህ ነው። መዝገበ ቃላት ቃላትን በፊደል ተራ ሲያስቀምጥ ሮዤ ግን በሐሳብ ዝምድና አስቀመጣቸው። ቃሉ የጠፋበት ጸሐፊ ሐሳቡን ይዞ ይገባል፤ ቃሉን ይዞ ይወጣል። ሐሳቦቹንም በ1000 ክፍል ደልድሎ ቁጥር ሰጣቸው። መጨመር በ35ኛው ቁጥር ይገኛል። በዚያም ኢንክሪስ፣ ኦግመንት፣ ኢንላርጅ፣ ሬይዝ፣ ኢንሃንስ፣ ማግኒፋይ እያለ ይዘረዝራል፤ ዝቅ ብሎም ማባባስ የሆነው አግራቬትና ማጋነን የሆነው ኤግዛጀሬት ከእነርሱ ጋር በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው አጥር ግን ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

የመጽሐፉም ጕድለት ከዚሁ ይጀምራል። ሮዤ ሐኪም ነበረ፤ ነገር ግን መጽሐፉ መጠናቸውና አገልግሎታቸው ያልተጻፈባቸው ጠርሙሶች የተደረደሩበትን የመድኃኒት ቤት ይመስላል። መድኃኒቱን ለሚያውቅ ሰው ሁሉን በአንድ ስፍራ ማግኘት ታላቅ ምቾት ነው። ለማያውቅ ሰው ግን አደጋ ነው። አንድ ተማሪዬ በፈተና ወረቀቱ ላይ የአገሬን ሕዝብ ዕውቀት አግራቬት ለማድረግ እመኛለሁ ብሎ ጻፈ። ልጁ በጎ ምኞት ነበረው፤ የጻፈው ግን ዕውቀትን ልክ እንደ በሽታ ላባብሰው ማለቱ ነበረ። አግራቬት ከባድ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን በክፉ ላይ ክፉ መጫንን ያመለክታል፤ የእኛ ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ነው።

ለሮዤ ፍርድ ማድላት እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልጨምር። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ተመሳሳይ በሚመስሉ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት መመርመር ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ እንደ ሆነና እርሱ እንዳልገባበት ገልጾአል። ያንን ሥራ ሌሎች ከእርሱ በፊት ጀምረውት ነበር፤ ሄስተር ፒዮዚ የተባለችው ሴት በ1794 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ክራብም በ1816 ዓ.ም. የተመሳሳይ ቃላትን ልዩነት የሚያስረዱ መጻሕፍት አሳትመዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የሮዤ ሳይሆን መግቢያውን ዘልለን ወደ ዝርዝሩ የምንሮጠው የእኛ ነው። ዛሬም ነገሩ ይልቁን ቀላል ሆኖአል፤ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ላይ ቃሉን በጣት ነካ ቢያደርጉት ተመሳሳዮቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ መግቢያ እንኳ የላቸውም።

ጥፋቱ የመምህራንም ነው። አንድን ቃል ሁለት ጊዜ አትጻፉ እያልን ተማሪዎችን እንገሥጻለን። ተማሪውም ይህን ፈርቶ በመጀመሪያው መስመር ኢንክሪስ፣ በሁለተኛው ኦግመንት፣ በሦስተኛው ኢንሃንስ ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም ስለ ሦስት ነገር የተነገረ ይመስለዋል። ሄንሪና ፍራንሲስ ፋውለር የተባሉ ሁለት ወንድማማች በ1906 ዓ.ም. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መጽሐፍ ይህን ለጌጥ ሲባል ቃል የመለዋወጥ ልማድ ክፉኛ ነቅፈውታል። ሄንሪ ፋውለር ራሱ 17 ዓመት ያህል መምህር ሆኖ የኖረ ሰው ነበረና ልማዱ ከየት እንደሚመነጭ ሳያውቅ አልቀረም። እኔም ያን ጊዜ አግራቬት ብሎ ለጻፈው ልጅ ዜሮ ሰጠሁት። ያላካፈልሁት የእኔ ዜሮ ግን እስከ ዛሬ አለብኝ።

ወጣት አንባቢዎቼ፣ እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አመጣው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የመኳንንቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን በሕግ የታዘዘው በ1362 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ሊቃውንቱ ከላቲን ብዙ ቃል አስገቡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሕዝቡ የራሱ ቃላት ነበሩት። ማደግን ግሮው ይሉታል። ጨረቃ ስትሞላ ዋክስ ታደርጋለች ይላሉ። መጨመርን ኢክ ይሉት ነበር፤ ይህ ቃል ዛሬ ብቻውን አይነገርም፤ ነገር ግን እኛ ቅጽል ስም የምንለውን እነርሱ የተጨመረ ስም ሲሉ ኢክኔም ይሉት ነበርና ድምፁ ተለውጦ ኒክኔም በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ከዚሁ ከአገሬው ሥር የበቀሉ ሌሎች ቃላትም አሉ፤ ዋይደን ማስፋት፣ ዲፐን ማጥለቅ፣ ሌንግዘን ማስረዘም፣ ሃይተን ከፍታን መጨመር ነው። እነዚህን እጅግ እወዳቸዋለሁ። ታላቅ አደረገው ብለው አያልፉም፤ በየት በኩል ታላቅ እንደ ሆነ፣ በወርድ ይሁን በጥልቀት፣ በርዝመት ይሁን በከፍታ፣ ያስታውቃሉ። የቃል ምርጫ መጀመሪያውም ይኸው ነው፤ ታላቅ የሆነው በየት በኩል ነው ብሎ መጠየቅ።

ይህን ለማስረዳት ከማእድ ቤት የበለጠ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። አንዲት እናት ወጥ እየሠራች ሳለ ያልታሰበ እንግዳ ቢመጣባት በድስቱ ላይ ውኃ ትጨምራለች፤ ወጡ በዛ፤ ይህ ኢንክሪስ ነው። ከዚያም ቅመም ትጨምራለች፤ ወጡ በአንድ ማንኪያ እንኳ አልበዛም፤ ጣዕሙ ግን ከፍ አለ፤ ይህ ኢንሃንስ ነው። እሳቱ ላይ እንጨት ትጨምራለች፤ የሙቀቱ ኃይል በረታ፤ ይህ ኢንቴንሲፋይ ነው። ጎረቤቷ የላከችላትን አንድ ጭልፋ ወጥ ከራሷ ላይ ትደርባለች፤ ያለውን ከሌላ በመጣ ነገር ማገዝ ነውና ይህ ኦግመንት ነው። በአማርኛ አራቱንም ጊዜ ጨመረች እንላለን፤ ድስቱን ስለምናየው አንሳሳትም። በደብዳቤ ግን ድስቱ አይታይም። የተጻፈለት ሰው የሚያየው ቃሉን ብቻ ነው። ውኃ ለምኖ ቅመም የሚያገኝ ሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

እስቲ ቃላቱን በየወገናቸው እንያቸው። ኢንክሪስ ከላቲን የመጣና ማደግን መሠረት ያደረገ ሲሆን ከሁሉ ሰፊው ነው፤ ለቁጥር፣ ለመጠን፣ ለዋጋ፣ ለደመወዝ ይሆናል። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው እርሱን ቢይዝ ብዙ አይሳሳትም። ኦግመንት ሥሩ ኦጌሬ የሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ ዋጋ እየጨመረ የሚሄድበት ጨረታ ኦክሽን መባሉ ከዚሁ ሥር ነው። ደመወዙ የማይበቃው ሰው ዶሮ አርብቶ ገቢውን ቢደጉም ኦግመንት አደረገ ይባላል። ኢንላርጅ መጠንን ወይም ስፋትን ይመለከታል፤ ፎቶግራፍ፣ ቤት፣ የእርሻ መሬት ኢንላርጅ ይደረጋል፤ ደመወዝ ግን አይደረግም። ኤክስፓንድ እንደ ታጠፈ ጨርቅ መዘርጋት ነው፤ ብረት በሙቀት ሲሰፋ፣ ንግድም ወደ ሌላ ከተማ ሲዘረጋ ይነገራል። ኤክስቴንድ ደግሞ እንደ ገመድ መሳብ ነው፤ መንገድን ወደ ሚቀጥለው መንደር ማድረስ፣ ቀጠሮን ማራዘም ነው። አምፕሊፋይ ዛሬ በተለይ ለድምፅ ሆኖአል፤ ድምፅ ማጕያ የሚሠራው ሥራ ነው። አግራንዳይዝ ግን ይጠበቅበት፤ ሥልጣንንና ክብርን ማግዘፍ ስለ ሆነ፣ ሰው ራሱን አግራንዳይዝ አደረገ ከተባለ ተነቀፈ እንጂ አልተመሰገነም።

ከሁሉ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ማግኒፋይ የሚለው ነው። የላቲን ፍቺው ታላቅ ማድረግ ነው። በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቍጥር 46፣ ድንግል ማርያም እግዚአብሔርን ባመሰገነችበት ቃል ውስጥ ይገኛል። እርሷ በእግዚአብሔር ላይ የጨመረችው ታላቅነት የለም፤ ያለውን ታላቅነት ገለጸች እንጂ። በኋላ የማጉያ መስተዋት በተስፋፋ ጊዜ ይኸው ቃል ለዚያ ሥራ ዋለ። ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በማጉያ መሣሪያ ያያትን ቁንጫ በተጣጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ተደነቀ። ቁንጫዋ ግን ያው ቁንጫ ናት፤ ሚዛን ላይ ብትወጣ አንዳች አልከበደችም። እንግዲህ ማግኒፋይ የሚታየውን እንጂ የሆነውን አይጨምርም። ያለውን ታላቅነት ቢገልጽ ምስጋና ነው፤ የሌለውን ቢያሳይ ውሸት ነው።

በዚህ ነገር የገዛ ቋንቋችን ጥበብ ያስደንቀኛል። አማርኛ ለእነዚህ ለሁለቱ ሁለት ቃል አዘጋጅቶአል፤ አገነነና አጋነነ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል አንዲት እግር ናት፤ ገ ጋ ብትሆን ማክበር ወደ ማበል ይለወጣል። ክብር የሚገባውን ያገነነ ሰው እውነት ተናገረ፤ ያጋነነ ግን ክምር ሠራ። የእንግሊዝኛው ኤግዛጀሬትም በላቲን ሥሩ መከመር ማለት ነው። ከክምሩ ሥር ያለው እህል ይሁን ገለባ ከሩቅ ሆኖ አይታወቅም። ደብተሩን በሁለት የከፈለው ተማሪ ማግኒፋይን ጨመረ ብሎ ሲያልፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የራሱን አማርኛ አጕድሎአል።

ይህ የቃል ነገር ብቻ ነው፣ ሥራ ላይ ምን ጕዳት ያመጣል የሚል ቢኖር፣ ከእኔ ደብዳቤ የከፋ ምሳሌ አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት በያዛቸው እስረኞች ላይ ብርቱ ሥቃይ አድርሶአል። ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍኖ ውኃ በማፍሰስ የመስጠም ጭንቀት እንዲደርስባቸው ያደርግ ነበር፤ ቀናት ሙሉም እንቅልፍ ይከለክላቸው ነበር። ይህን ሥራ ምን ብለው ሰየሙት? ኢንሃንስድ ኢንተሮጌሽን አሉት፤ የተሻሻለና ከፍ ያለ ምርመራ እንደ ማለት ነው። ያው የቅመሙ ቃል፣ ያው እኔ ለስላሳ ሆኖ ያገኘሁት ቃል ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በጃንዩወሪ 2009 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ምርመራ እንዲቀር አዘዙ፤ የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ኮሚቴም የምርመራውን ማጠቃለያ በዲሴምበር 2014 ዓ.ም. ለሕዝብ አወጣ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን ይህን ስም በጋዜጣ ያነበበ ብዙ ሰው በስሙ ልስላሴ ምክንያት ሥቃዩን ሳያይ አልፎአል። እኔ ቃሉን ያለ ቦታው ያኖርሁት ባለማወቅ ነበር፤ እነዚያ ግን አውቀው አኖሩት። አለማወቅ ልጆችን ከትምህርት ቤት በር መለሰ፤ ማወቅ ደግሞ ሥቃይን ሸፈነ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ስመ ጥሩው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ዓ.ም. ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው ድርሰት አጭር ቃል ከበቃ ረጅሙን እንዳንጠቀም ይመክራል። ከላይ የጠቀስኋቸው የፋውለር ወንድማማቾችም ከእርሱ በፊት ለአጭሩና ለተለመደው ቃል አድልተዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ብዙ ኩራትንም ያስተነፍሳል። ነገር ግን ሙሉ አይመስለኝም። ኢንሃንስ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሰባት ፊደል ነው፤ ኢንክሪስ ግን ስምንት ነው። የኦርዌልን ደንብ በፊደል ቆጠራ ብቻ ብከተል ኖሮ ያን ደብዳቤ ዳግመኛ በዚያው በተሳሳተው ቃል እጽፈው ነበር። ኦግመንትም ረጅምና የላቲን ዘር ነው ተብሎ ሊጣል አይገባውም፤ በቦታው ከእርሱ የሚሻል ቃል የለምና። እንግዲህ የቃል መለኪያው እጥረት ወይም ርዝመት፣ የአገሬው መሆን ወይም የባዕድ መሆን አይደለም፤ ከነገሩ ጋር መገጣጠሙ ነው። ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ይለካል እንጂ የቆዳውን አገር አይጠይቅም።

ስለዚህ እኔ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ። አንደኛ፣ ታላቅ የሆነው ነገር ምኑ ነው? ቁጥሩ ነው፣ ስፋቱ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ኃይሉ ነው፣ ወይስ ዋጋውና ውበቱ? ሁለተኛ፣ ነገሩ ራሱ ታላቅ ሆኖአልን ወይስ መልኩና ስሙ ብቻ? ሦስተኛ፣ የተጨመረው መልካም ነገር ነው ወይስ ክፉ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በእናታችሁ ቋንቋ መልሱ። መልሱ በአማርኛ ካልተገኘ በእንግሊዝኛ አይገኝም፤ ምክንያቱም የጐደለው ቃል ሳይሆን ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ከሆነላችሁ በኋላ ግን የሮዤን ግምጃ ቤት ክፈቱ፤ ያን ጊዜ እንደ ባለቤት ትገባላችሁ እንጂ እንደ ባዕድ አትደናገሩም። ያወጣችሁትንም ቃል ከመጻፋችሁ በፊት በመዝገበ ቃላት መርምሩ።

ሦስቱ ጥያቄዎች ለጽሕፈት ብቻ አይደሉም። ስለ ራሳችን ስንናገር፣ የሥራ ማመልከቻ ስናቀርብ፣ ወዳጅን ስናመሰግን፣ ባላጋራን ስንከስ ሁሉ ያስፈልጉናል። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ብዙ ዘመን አገልግያለሁ ቢል አገልግሎቱን አልጨመረም፤ ቁንጫዋን ከመስተዋት በታች አስቀመጠ እንጂ። መስተዋቱ የተነሣ ቀን ያፍራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ የጻፍነውን ቃል ሮጠን አንይዘውም።

እኔም ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። ያን ጊዜ መጽሐፉን አልገለጥሁም። ሽማግሌውን አጠገቤ አስቀምጬ የተናገሩትን ቃል በቃሉ በእንግሊዝኛ አሰፈርሁት። ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ያስፈልጉናል የሚል ነበረ፤ ለመጨመሩም የዋለው ሞር የሚለው የሕፃናት ቃል ነበረ። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበረ፤ የዚያ ዓመት ገንዘብ አልቋል፣ በሚቀጥለው እናያለን የሚል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ክፍል ተሠራ፤ ሁለተኛውን ወላጆቹ በገዛ እጃቸው በጭቃና በእንጨት ሠሩት። ከመለስኋቸው 43 ልጆች ተመልሰው የመጡት 26 ነበሩ። የቀሩት ከብት ጥበቃ ገብተዋል፤ ሴቶቹም ተድረዋል። መዝገቡን እኔ ራሴ ስለያዝሁት ቁጥሩን አልረሳውም።

በእነዚያ በ17ቱ ላይ ያደረስሁትን ጕዳት አላጋንነውም፤ ሌላም ምክንያት ነበረ ብዬም አላሳንሰውም። ልኩ ይህ ነው። ልጆቼ፣ እናንተም ቃልን በልኩ ያዙ።